ልጁ ይፈርም ወይስ ይሸኝ?

(በቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች፣ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ተቀንሶ እንዳለ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ የተከበራችሁ ተጫዋቾች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡድናችሁ ሲሸነፍ እየከረመ ትኬት መቁረጥ ያላቆማችሁ ደጋፊዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ማይክሮፎኑን ከፍ ላደረገልኝ ልጅ ምስጋና ይድረሰው። እኔ በር በደረስኩ ቁጥር አንገቴን መድፋት የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ቢያንስ እዚህ መድረክ ላይ ቀና ብዬ ልናገር።

አዘጋጆቹ ርእሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የላኩልኝ። «ሲሸነፍ የከረመ ቡድን የወጣት ሴንተሩን ውል ማደስ አለበት ወይ?» አነበብኩት፣ ስልኬን አስቀመጥኩና ሳቅሁ። ለምን ሳቅህ አትሉኝም? እኔ ራሴ ሲሸነፍ የከረመ ቡድን ወጣት ሴንተር፣ ቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ረጅሙ ልጅ፣ ነበርኩ! ስለዚህ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ምስክርም ተከሳሽም ሆኜ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናዘዝ።

እስቲ ልጁን በዓይነ ሕሊናችን እናቁመው። ዕድሜው 22 ነው። የመጀመሪያ ውሉ ሊያልቅ ነው። ቡድኑ ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 20 ነው። ልጁ ሪባውንድ፣ ማለትም የተሳተ ኳስ፣ ይሰበስባል፣ አልፎ አልፎ የተቃራኒን ውርወራ በእጁ መትቶ አዳራሹን የሚያናጋ ብሎክ ያሳያል፣ ነፃ ውርወራ ላይ ሲቆም ግን ደጋፊው ዓይኑን ይጨፍናል። ግማሹ ደጋፊ «ይህን ልጅ ከለቀቃችሁ ስታዲየም አልገባም» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ከእሱ ጋር 62 ጊዜ ተሸንፈናል፤ ያለ እሱም መሸነፍ አያቅተንም» ይላል። ሁለተኛው ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቀልድ አይደለም፤ ትክክለኛ ክርክር ነው፤ መልስ ይገባዋል።

መልሴን መጨረሻ ላይ ደብቄ አላስጨንቃችሁም። ይፈርም። አዎ፣ ይፈርም! ነገር ግን ዛሬ ለሚሠራው ሥራ ይከፈለው፤ እኛ በሕልማችን ለምናየው ተጫዋች አይከፈለው። ደግሞም እንዳይሄድብን ስለፈራን ብቻ አይፈርም።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ተሸናፊ ቡድን ውስጥ ያለን ልጅ እንዴት እንመዝነዋለን? ሁለተኛ፣ ገንዘቡ። ሦስተኛ፣ ፊርማው መቼና እንዴት? ምሳሌዎቼን ከአሜሪካው ሊግ ከኤንቢኤ ነው የማወጣው፤ የእዚያ ሊግ ውልና ደንብ ለሁሉም የታወቀ ስለሆነ ማንም ሰው ሊያርመኝ ይችላል። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ አንደኛው።

ተሸናፊ ቡድን ውስጥም አንድ ሰው ነጥብ ማስቆጠር አለበት። ይህን አስባችሁት ታውቃላችሁ? 40 ነጥብ ተበልጠን ብንሸነፍ እንኳ የእኛን ነጥብ ያገባ ሰው አለ። የተሳተውን ኳስ የሚለቅም ሰው አለ። ስለዚህ ተሸናፊ ቡድን ውስጥ ቁጥር በቀላሉ ይበዛል፤ ቁጥሩ ግን ቡድኑን ጠቀመው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ የውድድር ዘመን ከሁሉም የሊጋችን ተጫዋቾች በሪባውንድ እበልጥ ነበር። ቡድናችን ግን ከታች ሁለተኛ ነበር። እኔ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው፤ ሽንፈቱ የሌሎቹ፣ ሪባውንዱ የእኔ! አንድ ማታ ኮች ጠሩኝና አንድ ደብተር ዘረጉልኝ። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ በኩል የተሰመሩ ጭረቶች አሉ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከዚያ የበዙ ጭረቶች።

«ይኼ ምንድን ነው ኮች?» አልኳቸው።

«የግራው ያንተ ሪባውንድ ነው» አሉኝ።

«የቀኙስ?»

«አንተ ሪባውንድ ስትጠብቅ ቅርጫቱ ሥር ድረስ መጥተው ያገቡብን ሌይአፖች ናቸው።»

እውነታቸውን ነበር። የተቃራኒ ጋርድ፣ ኳሱን የሚመራው ተጫዋች፣ ሰብሮ ሲመጣ ሄጄ እጄን መዘርጋት ሲገባኝ፣ እኔ ኳሱ የሚወድቅበትን ቦታ አስቀድሜ ይዤ እጠብቃለሁ። ቢስት ሪባውንዱ የእኔ ነው። ቢያገባ ደግሞ ማንም በእኔ ስም አይጽፈውም። ያን ዓመት ውሌን የሚወስን ሰው ቢኖርና መዝገቡን ብቻ ቢያነብ ኖሮ ሀብታም ያደርገኝ ነበር። ክለቡንም ይጎዳው ነበር።

ይህን የምለው ሴንተሩን አንድሬ ድራመንድን ለማማት አይደለም፤ ታላቅ የሪባውንድ ተጫዋች ነው፣ ሊጉን አራት ጊዜ በሪባውንድ መርቷል። ግን ታሪኩን ተመልከቱት። ዲትሮይት በ2016 የአምስት ዓመት ውል ሰጠው፤ ወደ 127 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። በእሱ ዘመን ቡድኑ ሁለት ጊዜ፣ በ2016ና በ2019፣ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፤ ሁለቱንም ጊዜ 4 ለ 0 ተሸኘ። በየካቲት 2020 ወደ ክሊቭላንድ ሲላክ በምትኩ የመጣው ምንድን ነው? ውላቸው የሚያልቅ ሁለት ተጫዋቾችና አንድ የሁለተኛ ዙር ድራፍት ምርጫ፤ ድራፍት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን በየተራ የሚመርጡበት ነው። ያ ሁሉ ሪባውንድ በገበያ ላይ ያወጣው ዋጋ ይኸው ነበር።

አሁን እዚያው ክሊቭላንድ ቆዩልኝ፤ ታሪኩ እዚያ ይገለበጣል። በጥር 2021 ክሊቭላንድ ጃረት አለን የሚባል በ2017 ድራፍት 22ኛ የተመረጠ ሴንተር ከብሩክሊን አመጣ። ቡድኑ ያን ዓመት ከ72 ጨዋታ 22 ብቻ አሸነፈ። እንግዲህ ይኸውላችሁ፤ ሲሸነፍ የከረመ ቡድን፣ የ23 ዓመት ሴንተር፣ የሚያልቅ ውል። የዛሬው ጥያቄያችን ቃል በቃል! ምን አደረጉ? የአምስት ዓመት፣ የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረሙት። ብዙ ሰው ሳቀ፤ በተለይ ያን ክረምት ኢቫን ሞብሊ የሚባለውን ሌላ ረጅም ልጅ በድራፍት ሦስተኛ አድርገው መርጠው ስለነበር። በሚቀጥለው ዓመት 44 ጨዋታ አሸነፉ፤ አለንም በኮከቦች ጨዋታ ላይ ተሰለፈ። በ2024–25 ደግሞ 64 አሸነፉ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ዕድል ነው የምትሉ አላችሁ፤ አለበት፣ አልክድም። ነገር ግን አለን ከመፈረሙ በፊትም የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነበር። ስክሪን ይሠራል፣ ማለትም ቆሞ በሰውነቱ የተከላካዩን መንገድ ይዘጋል፣ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል፣ የሚመጣበትን ውርወራ ያበላሻል። ኳስ ስጡኝ ብሎ አይጨቀጭቅም። እንዲህ ያለው ልጅ ቡድኑ ሲሻሻል አብሮ ይሻሻላል፤ ሥራው ከሌሎቹ መሻሻል ጋር አይጋጭማ! ኳስ በእጁ ካልያዘ የማይታይ ሴንተር ግን ጥሩ ጋርድ በመጣ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ የተሸናፊ ቡድን ሴንተርን ስትመዝኑ «ዛሬ ስንት አስቆጠረ?» አትበሉ። «ነገ ከእሱ የሚበልጡ አራት ልጆች አጠገቡ ብናቆም ምን ይሠራል?» በሉ።

ሌላም አለ። ሴንተር ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ሩዲ ጎቤር በ2013 27ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ በየጨዋታው ሁለት ነጥብ ገደማ ነበር የሚያስቆጥረው። ከዚያ በኋላ የሊጉን ምርጥ ተከላካይ ሽልማት አራት ጊዜ ወሰደ። ኒኮላ ዮኪች በ2014 41ኛ ነበር። ብሩክ ሎፔዝን ውሰዱ፤ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት በድምሩ ሦስት የሦስት ነጥብ ውርወራ ብቻ ነው ያገባው። ሦስት! በዘጠነኛው ዓመት ብቻውን 134 አገባ። በ22 ዓመቱ «ይኼ ልጅ ከሩቅ አይችልም» ብሎ የዘጋው ሰው ምን ይል ይሆን?

ለምን ይዘገያል? ቁመት ቶሎ ይመጣል፤ ጉልበትና ማስተዋል ግን በኋላ ነው የሚደርሱት። ደግሞም ሴንተር ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ አምስቱንም ተቃራኒዎች የሚያይ ብቸኛው ተከላካይ ነው። ጋርዱ ከኋላው የሚመጣበትን ስክሪን አያይም፤ የሚነግረው ሴንተሩ ነው። ስለዚህ ሴንተር መናገር አለበት፤ መጮኽ አለበት! የ19 ዓመት ልጅ ደግሞ በአዋቂዎች መካከል ቆሞ መጮኽ ያፍራል። እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ ዲዳ ነበርኩ። አንድ ቀን ከእኔ በስምንት ዓመት የሚበልጥ ጋርዳችን ሙሉ ሩጫ ላይ እያለ ስክሪን መታው። እያየሁ ነበር። «በግራ!» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጥርሱን በመዳፉ ያዘና አየኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር! ከዚያ ቀን በኋላ ድምፄ እስኪዘጋ መጮኽ ጀመርኩ።

ስለዚህ ውል የምትወስኑ ሰዎች፣ አንድ ጨዋታ ከሜዳው አጠገብ ተቀመጡና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ልጁን ስሙት። ይናገራል? ከሁለት ዓመት በፊት ይናገር ነበር? ከዝምታ ወደ ጩኸት እየሄደ ያለ ልጅ እየበሰለ ነው። ይህ በመዝገብ ላይ አይጻፍም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። «የሴንተር ዘመን አልፏል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በ2012 ሊጉ ራሱ ከኮከቦች ጨዋታ ምርጫ ወረቀት ላይ ሴንተር የሚለውን መደብ ሰርዞት ነበር፤ ልቤን ሰብሮኛል፣ አልዋሽም። ከዚያስ? በ2021፣ በ2022፣ በ2023፣ በ2024 የሊጉን ኮከብ ተጫዋች ሽልማት የወሰዱት ዮኪች፣ ዮኪች፣ ኢምቢድ፣ ዮኪች ናቸው። ሁሉም ሴንተር! እሺ፣ ልመለስ።

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡ ነው። በሰዓቴ መሠረት ከዚህ በላይ መሄድ ነበረብኝ፤ አወያያችን ግን ደግ ሰው ናቸው፣ ይታገሡኛል።

ደጋፊው ምን ይላል? «ይሂድ፤ ገንዘቡን ለሌላ እናውለዋለን።» የትኛውን ገንዘብ? ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የትኛውን ገንዘብ? ሊጉ ለእያንዳንዱ ቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ጣሪያ አለው፤ ለ2025–26 ወደ 155 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቡድኑ ጣሪያውን አልፎም ቢሆን የራሱን ተጫዋች ማስፈረም እንዲችል የሚፈቅድ ደንብ አለ፤ በቦስተኑ በላሪ በርድ ስም የበርድ መብት ይሉታል። ያን መብት የምታገኙት ለራሳችሁ ልጅ ብቻ ነው። የሌሎቹ ደመወዝ ጣሪያውን ሞልቶት ከሆነ፣ ልጁን ስትለቁት እጃችሁ ላይ የሚተርፍ ክፍት ቦታ የለም። ልጁ ሄደ፣ መብቱም አብሮት ሄደ። በቃ።

«የእኛ ቡድን ግን ጣሪያው ጋ አልደረሰም» ትሉኝ ይሆናል። ደህና። እንግዲያው ሌላ ደንብ አለ፤ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ የጣሪያውን 90 በመቶ ማውጣት አለበት። ተሸናፊ ቡድን ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ አይችልም፤ ለአንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም። ጥያቄው ለማን ነው? ተሸናፊ ቡድን ጋ ደግሞ ኮከብ ሮጦ አይመጣም። በገበያው መጨረሻ የተረፈው ነው የሚመጣው፤ እሱም ተወድዶ።

የ2016ን ክረምት የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ያወጣችሁት ሁሉ እየሳቃችሁ ነው። በአዲሱ የቴሌቪዥን ውል ምክንያት ጣሪያው በአንድ ጊዜ ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ዘለለ። ሁሉም ቡድን ኪሱ ሞላ። ለጆአኪም ኖዋ 72 ሚሊዮን፣ ለቢስማክ ቢዮምቦ ወደ 70 ሚሊዮን፣ ለኢያን ማሂንሚ 64 ሚሊዮን፣ ለቲሞፌይ ሞዝጎቭ 64 ሚሊዮን፤ ሁሉም በአራት ዓመት፣ ሁሉም ሴንተሮች! ሞዝጎቭን ያስፈረመው ሌከርስ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከ82 ጨዋታ 17 ብቻ ያሸነፈ ቡድን። ከዓመት በኋላ ያን ውል ከላያቸው ለማውረድ ምን ከፈሉ? በ2015 በድራፍት ሁለተኛ አድርገው የመረጡትን ዲአንጄሎ ረስልን። ወጣቱን ጋርድ ጨምረው ነው ሞዝጎቭን ወደ ብሩክሊን የላኩት! በእርግጥ ቀደም ብዬ ያነሳሁላችሁ ብሩክ ሎፔዝና አንድ የድራፍት ምርጫ በምትኩ መጥተዋል፤ ቢሆንም ውሉን ባይፈርሙ ኖሮ ረስልን መጨመር ባላስፈለጋቸው።

አሁን አንድ ነገር አብረን እናስላ። ሞዝጎቭ በዓመት 16 ሚሊዮን፣ ጣሪያው 94። 17 በመቶ ነው። ጃረት አለን በዓመት 20 ሚሊዮን፣ ጣሪያው 112 ገደማ። 18 በመቶ ነው። አንድ ዓይነት ዋጋ ነው! አንደኛው 30 ዓመት የሞላው ተጫዋች፣ ሁለተኛው የ23 ዓመት ልጅ። የአንደኛው ውል መርገምት ሆነ፤ የሁለተኛው ውል ቡድን ገነባ። ስለዚህ «ለሴንተር ይህን ያህል ገንዘብ አይከፈልም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ «ለየትኛው ሴንተር?» በሉት።

ግን ወጣት መሆን ብቻውን ይበቃል ወይ? አይበቃም! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ዲትሮይት በ2022 ማርቪን ባግሊን አስፈረመ፤ ወጣት ነው፣ ረጅም ነው፣ በድራፍት ሁለተኛ የተመረጠ ነው። ሦስት ዓመት፣ 37 ሚሊዮን። በጥር 2024 ወደ ዋሽንግተን ሲልኩት ሌላ ተጫዋችና ሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫዎችን ጨምረው ነው የላኩት። ዲትሮይት ያን ዓመት በተከታታይ 28 ጨዋታ የተሸነፈው ቡድን ነው። የከፈሉት ለቁመቱና ከአራት ዓመት በፊት ለነበረው የድራፍት ቁጥሩ ነበር፤ ሜዳ ላይ ለሚሠራው አልነበረም።

እኔ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ደህና የሚባል ሴንተር በየክረምቱ በርካሽ ይገኛል። ድንቅ ሴንተር ደግሞ ያወጣው ያህል ቢያወጣ አይቆጭም። ቡድን የሚሰምጠው በመሀል ባለው ዋጋ ነው፤ ደህናውን ልጅ በድንቅ ዋጋ ስንገዛው። ስለዚህ የ22 ዓመቱን ልጅ ስናስፈርም ዋጋው ወደ ደህናው ቀረብ ይበል፤ ልጁም ተስፋው ወደ ድንቁ የቀረበ ይሁን። ሁለቱን ካላገናኘን አንፈርም።

«እለቀውና በድራፍት ሌላ እመርጣለሁ» የሚለውስ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ከ2019 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች በዕጣ አንደኛውን ምርጫ የማግኘት ዕድላቸው እያንዳንዳቸው 14 በመቶ ነው። ሁሉን ተሸንፈህ፣ ተዋርደህ፣ ደጋፊህን አስለቅሰህ፣ 14 በመቶ! ብታገኝስ? ፖርትላንድ በ2007 አንደኛውን ምርጫ አግኝቶ ግሬግ ኦደንን ወሰደ። ጉልበቱ አልቻለለትም። ለፖርትላንድ በአጠቃላይ 82 ጨዋታ ተጫወተ፤ የአንድ የውድድር ዘመን ያህል። ምስኪን ልጅ፣ እሱን ሳስብ ዛሬም ያሳዝነኛል።

አወያያችን ወረቀት ላኩልኝ... «አሥር ደቂቃ።» እሺ፣ እሺ። ሦስተኛውን ቶሎ ልበለው።

መቼ ይፈርም? በአንደኛው ዙር የተመረጠ ልጅ የመጀመሪያ ውሉ አራት ዓመት ነው። አራተኛው ዓመት ከመጀመሩ በፊት ባለው ጊዜ ማራዘም ይቻላል። ካላራዘማችሁ፣ ቡድኑ የአንድ ዓመት ውል አቅርቦ ልጁን በገደብ ነፃ ያደርገዋል፤ ሌላ ቡድን ዋጋ ቢያቀርብለት እናንተ ያንኑ ዋጋ ከፍላችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ ማለት ነው። ብዙ ሥራ አስኪያጅ «ገበያው ዋጋውን ይንገረኝ» ብሎ መጠበቅን ይመርጣል። ብልህነት ይመስላል። ነው ወይ?

ግሬግ ሞንሮን አስታውሱ፤ አሁንም ዲትሮይት። ይቅርታ፣ ዛሬ ዲትሮይትን አበዛሁባቸው። በ2014 አልተስማሙም። ልጁ የአንድ ዓመቱን ውል ፈረመ፣ ዓመቱን ተጫወተ፣ ገደቡም ወደቀ፣ በ2015 ቦርሳውን ይዞ ወደ ሚልዋኪ ሄደ። ለዲትሮይት ምን ቀረ? ምንም። ዴአንድሬ ኤይተንን አስታውሱ፤ ፊኒክስ ሳያራዝምለት ጠበቀ፣ በ2022 ኢንዲያና የአራት ዓመት 133 ሚሊዮን አቀረበለት፣ ፊኒክስ ከፍሎ አስቀረው። ከዓመት በኋላ ወደ ፖርትላንድ ላኩት። ልጅን ሌላ ሰው «ትፈልጉታላችሁ ወይ?» ብሎ ከጠየቃችሁ በኋላ ብቻ «አዎ» ካላችሁት፣ ያ «አዎ» ጆሮው ውስጥ እንዴት እንደሚሰማው አስባችሁታል?

እኔ አውቀዋለሁ። የእኔ ክለብ ውሌን ሊያድስልኝ የጠራኝ ሌላ ክለብ እንደሚፈልገኝ በሰማ ማግስት ነው። እስከዚያ ድረስ ለሰባት ሳምንት ስልክ የሚያነሳልኝ ሰው አልነበረም። ፈረምኩ፤ ገንዘቡም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ላይ ቀድሞ መድረስ ተውኩ። ማንም አላስተዋለም፤ እኔም ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምናገረው።

በተቃራኒው ዴንቨርን ተመልከቱ። በ2018 ዮኪችን ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በታች በሆነ ደመወዝ ሌላ ዓመት ማቆየት ይችሉ ነበር፤ ሕጋዊ መብታቸው ነበር። መብቱን ተዉትና የአምስት ዓመት፣ ወደ 147 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡት። ያን ዓመት ጥሎ ማለፉ ውስጥ አልገቡም፤ በመጨረሻው ጨዋታ፣ በጭማሪ ሰዓት ነው የቀሩት። በ2023 ዋንጫውን አነሱ። በእርግጥ ሁሉም ልጅ ዮኪች አይደለም፤ «የእኛም ልጅ ዮኪች ነው» እያለ የሚያንገሸግሸኝ ደጋፊ በየቦታው አለ። ቀድሞ መጠራት ምን እንደሚሰማ ግን ከዚህ ተማሩ።

ጤናው የሚያሰጋ ከሆነስ? ፊላደልፊያ በ2017 ለጆኤል ኢምቢድ አምስት ዓመት ሲሰጠው ልጁ በሦስት ዓመት ውስጥ የተጫወተው 31 ጨዋታ ብቻ ነበር። ቡድኑ ደግሞ በዚያ ዓመት 28 ነው ያሸነፈው። ፈረሙ፤ ነገር ግን የቀድሞው ጉዳት ከተመለሰ ቡድኑን የሚጠብቅ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አስገቡ። ፍርሃታቸውን ወረቀቱ ላይ አሰፈሩት እንጂ ልጁ ላይ አላወረዱበትም። ይህ ነው ሙያ!

አሁን እኔን «አንተ ብትሆን ምን ትጽፋለህ?» ብትሉኝ፣ ይኸውላችሁ። አራት ዓመት። አራተኛው የውድድር ዘመን ሳይጀምር። የሊጉ ደንብ ደመወዝ በየዓመቱ ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያ እስከ 8 በመቶ ከፍ እንዲል ወይም ዝቅ እንዲል ይፈቅዳል። ሁሉም ሰው ከፍ ያደርገዋል። እኔ ዝቅ አደርገዋለሁ። ለምን? ቡድናችን ዛሬ ተሸናፊ ነው፤ ዛሬ ገንዘቡን የሚሻማበት ኮከብ የለንም። ስለዚህ ዛሬ ብዙ እንክፈለው፤ በ24 ሚሊዮን ቢጀምር አራተኛው ዓመት ላይ ወደ 18 ይወርዳል። ልጁ 26 ዓመት ሲሞላው፣ ጩኸቱ ሲጠነክር፣ ጋርዶቻችን ሲበስሉና ለእነሱ መክፈል ግድ ሲሆን፣ የእሱ ደመወዝ እየቀነሰ ነው የሚጠብቀን። ለልጁም ገንዘቡ ቶሎ ይደርሰዋል። ወኪሉ መጀመሪያ ይቆጣል፤ ከዚያ ካልኩሌተሩን ያወጣል።

በቃ፣ ወረቀቱ ድጋሚ መጣ። ጥያቄ ያላችሁ... እዚያ ከኋላ፣ አንተ፣ ቆመህም ተቀምጠህም ያው የምትመስለው ወጣት፣ እጅህን ካወጣህ ቆይተሃል። ይህ ጥያቄ ለጓደኛ ነው እንዳትለኝ። ና፣ ማይኩን ውሰድ፤ ዝቅ ማድረግ አያስፈልግህም።